ፒያሳ ላይ ጉልበት ለሚያመው ሰው ጥቆማ (ምስጋናም ጭምር)

መሀል ከተማ ጥሩ ፊዚዮቴራፒስት የምታውቁ ጠቁሙኝ እያላችሁ ስትጠይቁ አያለሁ። እኔ አንዷን አውቃለሁ፣ እናቴን ያከመቻት ናት። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለችኝ እዚህ አልጽፈውም፤ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ክሊኒኩ ከጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም።

እማዬ ቀኝ ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል። ታክሲ ውስጥ ለመግባት ወያላው ክንዷን ይዞ ካልደገፋት አትችልም ነበር። ጎረቤት ብርድ ነው አለ፣ አክስቴ ደግሞ ወጌሻ ካላየችው ብላ ሙጭጭ አለች። ሐኪም ራጅ አይቶ ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ልም አጥንት መሳሳት) ነው አለና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላካት። እማዬ በሽታው እሷን ብቻ የመረጣት ይመስል ስታማርር ከረመች። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ያለበት ሰው 365 ሚሊዮን ገደማ ነበር፣ ይህን ብነግራትም ምንም አላጽናናት።

ልጅቷ ገና ጉልበቷን ሳትነካ "እማማ፣ ምን መሥራት ነው ያቃተዎት?" አለቻት። እማዬ ሳታመነታ "መስገድ" አለች። እሷም ካርዱ ላይ ከሁሉም በፊት እሱን ጻፈችው። እኔ በበኩሌ እዚያው ነው የወደድኳት።

ከዚያ ወደ እጇ ሥራ ገባች። የጉልበቷን ሎሚ በሁለት አውራ ጣቶቿ ይዛ ወደ ግራ ወደ ቀኝ በቀስታ ታንቀሳቅሰዋለች፣ ቆም ብላ የእማዬን ፊት ታያለች፣ ፊቷ ካልተኮሳተረ ትቀጥላለች። ትንሽ ላላ ሲልላት ፎጣ ጠቅልላ ከጉልበቷ ስር አስገባችና "አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ ፎጣውን ወደ ታች ይጫኑት፣ እስከ 5 እቆጥራለሁ" አለች። እማዬ ወደ እኔ ዞራ "ከፍለን ደግሞ እኔው ልሥራ?" ስትል ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ነገሩ ግን ይኸው ነው። ማሸቱ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ጉልበትን ተሸክሞ የሚኖረው ግን የጭን ጡንቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሊሠራላችሁ አይችልም። ማሽን ላይ አስተኝታ ሂሳብ የምታስከፍል ብትሆን ኖሮ ይቀልላት ነበር። እሷ ግን ቤት የሚሠራውን አስጠንታ፣ እኔንም አስጠንታ፣ ቀጠሮውን እያራራቀች ሄደች። ለኪሳችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆመ። እኔ ቀጠሮው ተሰረዘ ብዬ ታክሲ ልጠራ ስል ልጅቷ ራሷ ወርዳ መጣችና ደረጃውን ማለማመጃ አደረገችው። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ከዘራውም በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በደህናው በኩል ይያዛል። እኛ ስንት ጊዜ በተቃራኒው ስንይዘው ኖረናል!

ክብደትን በተመለከተም አላሽሞነሞነችም፤ 1 ኪሎ ሲቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና ወደ 4 ኪሎ ይቀንሳል አለቻት። እማዬ እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው ብላ ለሁለት ቀን አኩርፋለች። ደም ግፊት እንዳለባትና ዳይክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ በራሷ ገዝታ እንደምትውጥ ስትሰማ ደግሞ ለግፊትም ለኩላሊትም ጥሩ አይደለም ብላ ወደ ሐኪሟ መለሰችን። ከሥራዬ ውጪ ነው ብላ ብታልፈው ማን ይጠይቃት ነበር?

ተአምር እንዳትጠብቁ። የሳሳው ልም አጥንት አልተመለሰም፣ ሐምሌ ሲገባ አሁንም ይጠዘጥዛታል። ግን ታክሲ ብቻዋን ትሳፈራለች፣ የቤታችንን ደረጃ ግድግዳ ሳትደገፍ ትወርዳለች። ስግደቱን ለጊዜው ወንበር ይዛ ጎንበስ በማለት እንድታደርገው ተነጋግረው፣ የነፍስ አባቷም በአቅምሽ ይበቃል ብለዋታል።

ጉልበታችሁ ድንገት አብጦ ከተኮሰ፣ ትኩሳት ካላችሁ ወይም ወድቃችሁ መርገጥ ካቃታችሁ ግን ቀጥታ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ እሷም የምትላችሁ ይህንኑ ነው።

እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። የምትሄዱ ደግሞ ራጃችሁን ያዙ፣ ሰፋ ያለ ሱሪ ልበሱ። ስትደውሉ ቶሎ ካላነሳች አትቀየሙ፣ እጇ ሰው ላይ ነው፣ ሲመቻት መልሳ ትደውላለች።