የኔታ ዘንድ ወይስ ሰንበት ትምህርት ቤት?
ደብረ ብርሃን ላይ ልጆቻችንን ሃይማኖት የት እናስተምር የሚለው ጥያቄ ሁሌም አለ። የኔታ ዘንድ የገባ ልጅ ከፊደል ተነስቶ በመልእክተ ዮሐንስ አልፎ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይዘልቃል፤ በዚያ ብርድ ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊደሉን በስንጥር እየጠቆመ ሲያነበንብ የኖረ ልጅ ግእዙ እስከ እርጅና አይለቀውም። ግን ጊዜ ይፈልጋል። ትርጉሙም ቶሎ አይገባውም።

ሰንበት ትምህርት ቤት በአማርኛ ነው። ሕፃኑም ወጣቱም በየዕድሜው ይማራል፣ መዝሙር ያጠናል፣ ይጠይቃል። መጠየቁን በጣም እወደዋለሁ። እናትና አባትስ? ብዙዎቹ የሚደርሳቸው የቅዳሴው ዕለት ስብከት ብቻ ነው፤ ይሄ ያሳስበኛል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ የኔታ ዘንድ ይግባ፣ ንባቡ ሲቀናው ሰንበት ትምህርት ቤት ይጨመርለት። ዳዊት ያልደገመ ልጅ መዝሙሩን ቢወድም ቅዳሴው ላይ እንግዳ ይሆናል።