ሐሳቤን እንድሰበስብ ላገዘችኝ ባለሙያ

ከካንሰር ሕክምና በኋላ «ጭንቅላቴ እንደ ድሮው አልሠራ አለኝ» የምትሉ ካላችሁ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አንዲት የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ ትልቅ ውለታ ውላልኛለች። በአደባባይ ላመሰግናት፣ እናንተም እንደሷ ያለ ባለሙያ እንድትፈልጉ ልጠቁም ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም።

የሙያው ስም ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ሥራዋ ባጭሩ፣ ሰው በሕመም ወይም በአደጋ ያቃተውን የዕለት ተዕለት ተግባር መልሶ እንዲሠራ ማገዝ ነው። ለአንዱ ልብስ መልበስ ይሆናል፣ ለሌላው መጻፍ። የእኔ ሒሳብ መሥራት ነበር።

የጡት ካንሰር ታምሜ ቀዶ ሕክምናውንም ኬሞቴራፒውንም ጨረስኩ። የሆርሞን መድኃኒቱን አሁንም እወስዳለሁ። ሥራ ስመለስ ሁሉም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ። ግን ስብሰባ ላይ የምፈልገው ቃል ምላሴ ላይ ሆኖ አልመጣ ይላል። ሁለት ሰው ባንዴ ሲያወራ የአንዱንም አልሰማም። ዓመታት የሠራሁበትን የሒሳብ ገጽ ከላይ ጀምሬ መሃል ላይ ስደርስ የት እንደነበርኩ ይጠፋኛል። እንደገና ከላይ። እንደገና መሃል ላይ ድርግም።

ለሰው ስናገር «ዋናው መትረፍሽ ነው» ይሉኛል። «ዕድሜ ነው፣ እኛም እንረሳለን» የሚሉም አሉ። ለማጽናናት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን እንዲህ ከተባለ በኋላ ምን ይወራል? ዝም አልኩ። የጭንቅላት ምርመራዬም ደህና ሆኖ ወጣ።

እሷ ግን ጠየቀችኝ። ጠዋት ይሻልዎታል ወይስ ከሰዓት? ጫጫታ ያለበት ቦታ ይብስብዎታል? እንቅልፍዎ እንዴት ነው? የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘውልኝ ይምጡ፣ የእንቅልፍና የሕመም ማስታገሻም ካለ። ይህን ሁሉ ከሰማች በኋላ ለሐኪሜ ማስታወሻ ጻፈችልኝ። ደም ማነስ፣ ታይሮይድ፣ ቫይታሚን ቢ12 እንዲታይልኝ፣ ድብርትና ጭንቀትም እንዲጠየቅ። ሰው ነገሩን «የኬሞ ጭጋግ» ይለዋል እንጂ ምክንያቱ ኬሞ ብቻ አይደለም። ካንሰሩ ራሱ፣ ጨረር፣ የሆርሞን ሕክምና፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ሐዘን ሁሉም ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በቀላሉ ይታከማል። የእኔም ደም ማነስ ነበረበት። ታከምኩ፣ ድካሙ ቀለል አለልኝ። ጭጋጉ ግን በዚያ ብቻ አልተገፈፈም።

ቀጥሎ ያደረገችውን አልረሳውም። ተራ ተራ ቃላት አነበበችልኝ። ሌላ ነገር አሠርታኝ ቆየችና ቃላቱን እንድነግራት ጠየቀችኝ። ጥቂት ብቻ መጡልኝ፣ ፊቴ ጋለ። ከዚያ ያነበበችልኝን ካላነበበችልኝ ጋር ቀላቅላ «ይህ ነበረበት? ይህስ?» አለችኝ። ከሞላ ጎደል ሁሉንም ለየኋቸው። «አዩ፣ ቃላቱ አልጠፉም። ያስቸገረዎት ፈልጎ ማውጣቱ ነው» አለችኝ። አለቀስኩ። አእምሮዬ እየሞተ ነው ብዬ ስንት ሌሊት ሳልተኛ እንዳደርኩ ልነግራችሁ አልችልም።

ችግሩ የፈጠራ እንዳልሆነም አስረዳችኝ። ተመራማሪዎች ቢያንስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። በብዛት የሚጎዳው ትኩረት፣ የማሰብ ፍጥነት፣ ቃል መፈለግና ሁለት ነገር ባንዴ መያዝ ነው። የተለመደው የጭንቅላት ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል፣ ያ ማለት ግን ሰውየው ደህና ነው ማለት አይደለም። ብዙዎች ሕክምናው ካለቀ በኋላ በወራት ውስጥ ይሻላቸዋል፣ አንዳንዶች ላይ ዓመታት ይቆያል። ለዚህ ተብሎ የተረጋገጠ መድኃኒት የለም። ሮበርት ፈርጉሰን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው የማስታወስና የትኩረት ማለማመጃ አለ፣ አንዳንዱን ነገር ከዚያ እንደወሰደችው ነገረችኝ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን የራሴን ሥራ ይዤ እንድመጣ ማድረጓ ነው። የስልክ ጨዋታ አልሰጠችኝም። ጨዋታ የሚያጎብዘው በአብዛኛው ለዚያው ለጨዋታው ነው ትላለች። የሒሳብ ገጼን ፊቴ ዘርግታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ዝም ብላ አየችኝ። ስልኬ ጢን ባለ ቁጥር ዓይኔ ከወረቀቱ እንደሚነሳና ሲመለስ ሌላ መስመር ላይ እንደሚያርፍ ያየችው እሷ ናት። እኔ ልብ ብዬው አላውቅም።

ያስለመደችኝ ነገር ቀላል ነው። ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጣል። ከምሠራበት መስመር በታች ያለውን በማስመሪያ እሸፍናለሁ። ቁጥሩን ድምፅ አውጥቼ እላለሁ። ሰው ሲጠራኝ ቀና ከማለቴ በፊት ያቆምኩበትን ምልክት አደርጋለሁ፣ ቀጥሎ የምሠራውንም በአንድ መስመር እጽፋለሁ። «አንዴ» ማለትና ሰውን ማስጠበቅ ያሳፍረኝ ነበር። ተለማመድነው፣ እሷ እየጠራችኝ እኔ «አንዴ» እያልኩ። ከባዱን ሥራ ጠዋት አድርጌዋለሁ፣ ደብዳቤና ፋይል ለከሰዓት። አሁንም እንደ ድሮዬ ፈጣን አይደለሁም። ግን ገጹን እጨርሳለሁ፣ ድምሩም ልክ ይመጣል።

ባለቤቴንም አስጠራችው። ቃል ሲጠፋኝ ቀድሞ እንዳይሞላልኝ፣ አንድ ነገር ሳልጨርስ ሌላ እንዳይነግረኝ፣ ቁም ነገር ሲኖር ቴሌቪዥኑን እንዲያጠፋ ነገረችው። ደግሞ አብራችሁ በእግር ሂዱ አለችን። በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እስክትደርሱ፣ ከአቅም ጀምሮ ቀስ በቀስ። ለድካሙም ለእንቅልፉም ረድቶኛል። ለትዳሩም ሳይጠቅም አልቀረም።

እንዲህ ያለ ባለሙያ የምትፈልጉ ካንሰር ሐኪማችሁን ወይም ነርሳችሁን በግልጽ ጠይቁ። «ኦኩፔሽናል ቴራፒ ወይም የነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ላኩኝ» በሉ። «እረሳለሁ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ምን ስትሠሩ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተበላሸ የሚለውን ለጥቂት ቀናት ጽፋችሁ ያዙ፣ ቀጠሮው ላይ አንብቡላቸው። ጥሩ ባለሙያ መሆኑን የማውቀው ከመምከሩ በፊት ስትሠሩ ሊያያችሁ ከፈለገ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ድንገት መዘባረቅ፣ ያላችሁበትን አለማወቅ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መዛል ወይም የሚጥል ነገር ከመጣ ያንኑ ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ይህንንም ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት።

አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ጠይቄያት ፈቅዳለች። እህቴ፣ ይህን ካነበብሽው፣ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የዘንድሮውን የዓመት መዝጊያ ሒሳብ የሠራሁት እኔ ነኝ።