ሳጥኑ ላይ «1000 እጥፍ» ይላል፦ በዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ ቁራጭ ማኅተም ማንበብ

ቴምብር ላይ ከቀረ ቁራጭ ማኅተም ተነስቶ ፖስታ ቤቱ የት እንደነበር ለማወቅ ዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ (ከኮምፒውተር ጋር በገመድ የሚያያዝ አጉሊ ካሜራ) የሚገዛ ሰው፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን «1000 እጥፍ» ቢረሳው ይሻላል። ከ40 እጥፍ ሲያልፍ ፊደሉ ይጠፋና የወረቀት ጭረትና የቀለም ነጠብጣብ ብቻ ይታያል። ለዚህ ሥራ ከ10 እስከ 30 እጥፍ ይበቃል።

ሙሉውን ማኅተም ሲያነሳ ጥራቱም ቢሆን ከስካነር አይበልጥም። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ማኅተም በኢንች 1200 ነጥብ ስካን ሲደረግ ወደ 1180 ፒክስል ይወጣዋል። ባለ 2 ሜጋፒክስል ማይክሮስኮፕም ሙሉውን ክብ ሲያነሳ የሚሰጠው ያንኑ ያህል ነው። ስካነር የማይችለው ብርሃኑን እያዘዋወሩ ማየትን ነው፤ ዕቃው የሚገዛውም ለዚህ ነው።

በሌንሱ ዙሪያ ያሉት አምፖሎች ግን ለዚህ አይረዱም፤ ከላይ ቀጥ ብለው ስለሚያበሩ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ መሃሉን ነጭ ያደርጉታል። ገመዱ ላይ ባለችው ማዞሪያ አጥፏቸውና ትንሽ የእጅ ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ከፍ አድርጋችሁ አብሩ። የብረት ማኅተም ወረቀቱን ስለሚሰረጉደው ቀለም ያልያዘው ፊደል እንኳ ጥላ ይጥላል። ባትሪውን በቴምብሩ ዙሪያ እያዞራችሁ ከአራቱም አቅጣጫ ሞክሩት፤ ከብርሃኑ ጋር በአንድ አቅጣጫ የተኛ መስመር ጥላ የለውም። የጎማ ማኅተም ከሆነ ግን አትድከሙ።

ቀለም ሲያስቸግር ምስሉን አስቀምጦ በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም መክፈት ነው። ቀይ ቴምብር ላይ ያረፈ ጥቁር ማኅተም በቀዩ ቻናል (ቀይ ብርሃን ብቻ በተመዘገበበት የምስሉ ክፍል) ብቻ ሲታይ ቴምብሩ ይነጣል፣ ማኅተሙ ብቻውን ይቀራል። አረንጓዴውን ከመረጣችሁ ሁለቱም ጠቁረው ይደባለቃሉ።

መሣሪያው ዋጋውን የሚያወጣው አንዲት ፊደል ወይም አኃዝ ስታጠራጥር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማልታና ጂብራልታር ውስጥ ያገለገሉ የብሪታንያ ቴምብሮችን እንውሰድ፤ ማኅተሙ በከተማ ስም ፈንታ ኮድ አለው፦ ኤ25 ማልታ፣ ኤ26 ጂብራልታር። የመጨረሻው አኃዝ በቴምብሩ ጠርዝ ተቆርጦ አናቱ ብቻ ከቀረ፣ የ5 አናት ጠፍጣፋ ነው፣ የ6 ጎባጣ። ታችኛው ግማሽ ብቻ ከቀረ ግራውን እዩ፤ 6 እዚያ ዝግ ነው፣ 5 ክፍት። በ20 እጥፍና በጎን ብርሃን ይህ ይለያል።

ደካማ ጎኑ መቆሚያው ነው። የቀጠነ ፕላስቲክ ስለሆነ ካሜራው ያዘነብላል፣ ክቡም እንቁላል ይሆናል። ይህም ከተቆረጠው ማኅተም ተነስቶ የከተማው ስም ስንት ፊደል እንደነበረው ለሚቆጥር ሰው ትልቅ ጉዳት ነው። አቆጣጠሩ እንዲህ ነው፦ በክቡ ቅስት ላይ ከነጥብ እስከ ነጥብ ሁለት ቀጥታ መስመሮች አስምሩ፤ ከየመስመሩ እኩሌታ በ90 ዲግሪ የሚወጡት መስመሮች የሚገናኙበት ነጥብ መሃሉ ነው። የቀኑን መስመር አግድም አድርጋችሁ በመሃሉ ቀጥ ያለ መስመር ስታወርዱ፣ ከላይ የተጻፈው ስም አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት እኩል ይከፈላል። የመጀመሪያው ፊደል ከዚያ መስመር በግራ 81 ዲግሪ ላይ ካለና ከፊደል ፊደል 18 ዲግሪ ከሆነ፣ ስሙ 162 ዲግሪ ይዟል፤ ለ18 ሲካፈል 9፣ አንድ ሲደመር 10 ፊደል። የተነበቡትን ሦስት ፊደልና የስሙን ርዝመት ይዞ የፖስታ ቤቶችን ዝርዝር መፈተሽ ፍለጋውን በጣም ያጠበዋል። በላቲን ፊደል ቀጭኑ «አይ» (I) እና ሰፊው «ኤም» (M) ስሌቱን ስለሚያዛቡት አንድ ፊደል ወዲህ ወዲያ ተዉለት።

ካሜራው ማዘንበሉን ለማወቅ ከቴምብሩ ጎን የሚሊሜትር ወረቀት አስቀምጡ፤ ካሬዎቹ ከተጣመሙ ያንን ምስል አትለኩበት። ስሙ ከታች ግራ ተነስቶ ክቡን የሚዞርበት ማኅተም ላይ ደግሞ ካሜራው ቢስተካከልም ይህ ስሌት አይሠራም።