ሚኒ ቶርኖ ቤቴ ከገባች 9 ወር ሆናት

ቶርኖዋን፣ ማለትም ብረት እያዞረች የምትቆርጠውን ማሽን፣ ደብረ ማርቆስ ያስገባኋት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ነው። በነዚህ 9 ወራት ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ሠርቼባታለሁ። የገዛኋት ለገቢ አይደለም፤ ብረት መቁረጥ ስለምወድ ነው። ቴክኒክና ሙያ ስማር ትልልቅ ቶርኖ ላይ እጄን አፍታትቻለሁ። የራሴ ማሽን ግን ኖሮኝ አያውቅም።

ዓይነቷ በብዙ ስምና ቀለም የሚሸጠው ቻይና ሠራሽ ትንሽ ቶርኖ ነው። ሞተሯ 550 ዋት ነው፣ በቤት መብራት ትሠራለች። 40 ኪሎ አካባቢ ስለምትመዝን ሁለት ሰው ያነሳታል። ወረቀቷ ላይ 180 ሚሊ ሜትር ስፋትና 350 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ትይዛለች ይላል። ስፋቱን እንዳለ አትመኑ። መቁረጫው ከተቀመጠበት አካል በላይ ሲለካ 110 ሚሊ አካባቢ ነው የሚቀረው። ለኔ ሥራ ይበቃል።

ከሳጥን አውጥቶ ወዲያው መቁረጥ የለም። ሙሉ በሙሉ በወፍራም ግሪስ ተለውሳ ነው የመጣችው። በነጭ ጋዝ አጥቤ ለመጨረስ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። ግሪሱ ውስጥ ፋብሪካው ያልጠረገው የብረት ፍቅፋቂ ነበር። ያን ሳላወጣ ባንቀሳቅሳት ኖሮ አልጋዋን (መቁረጫው የሚንሸራተትበትን ረጅም መሠረት) ይፍቀው ነበር። የሚቆርጥ ስለት ያለውን የማሽኗን ጠርዝ ሁሉ በሞረድ አለዘብኩ። መቁረጫውን የሚሸከሙት ተንሸራታቾች ወዲያ ወዲህ ይሉ ስለነበር በጎን ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች አንድ በአንድ እያጠበቅኩ አስተካከልኩ። ትዕግሥት የሌለው ሰው እዚህ ጋ ይሰለቻል። እኔ ግን ማሽኑን ያወቅኩት በዚያ ቀን ነው።

ብዙ ያስተማረኝ ጠረጴዛው ነው። ርካሽ ስለሆነና በቀላሉ ስለሚገኝ ከባሕር ዛፍ አሠራሁት። እንጨቱ ገና እርጥብ ነበር። መጀመሪያ ላይ 25 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት አስሬ፣ 120 ሚሊ ያህል ቆርጬ፣ ሁለቱን ጫፎች በማይክሮሜትር ስለካ ልዩነታቸው 0.02 ሚሊ ነበር። ደስ አለኝ። ጥር ላይ ያንኑ ብደግመው 0.09 ሆነ። ማሽኗ ተበላሸች ብዬ ደነገጥኩ። ብረቱን የሚያዞረውን የፊተኛ ራስ ብሎኖች ልፈታ መፍቻ አንስቼ ነበር።

እንደ ዕድል መጀመሪያ የፈታሁት ከጠረጴዛው ጋር ያሰሯትን አራት ብሎኖች ሆነ። የመጨረሻውን ስለቀው አንዱ ጥግ ብድግ አለ። በሥሩ የደብተር ወረቀት ሁለት እጥፍ አድርጌ ባስገባ አለፈ። ለካ ባሕር ዛፉ በበጋው ሲደርቅ ተጣሟል፣ ማሽኗንም ይዟት ተጣሟል። አልጋዋ ብረት ቢሆንም በብሎን ተጠፍንጎ ሲታሰር ይጠመዘዛል። አልጋው ከተጠመዘዘ መቁረጫው ከብረቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ አንዱ ጫፍ ወፍራም፣ ሌላው ቀጭን ይወጣል። በያጅ ጋ ሄጄ ከ40 በ40 ቱቦላሬ እግር አሠራሁ። አራቱ ጥጎች እኩል እስኪያርፉ ድረስ ከጣሳ የቆረጥኩትን ስስ ቆርቆሮ ከሥር ሸጎጥኩ። አሁን ልዩነቱ 0.01 ነው። እስከ ዛሬ አልተንቀሳቀሰም።

ከሠራኋቸው ሁሉ የምወደው የነሐስ ቡሽ (ዘንግ ወይም ፒን በውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) ነው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በእግር የሚረገጥ አሮጌ የስፌት መኪና አላቸው።

«ልጄ፣ ይቺ መኪና ጮኸችብኝ እኮ» አሉኝ አንድ ቀን።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። «ጋሼ፣ የመርገጫው ዘንግ ቡሹ ተበልቶ ነው። ለቅዳሜ ልሥራልዎት።»

ነሐሱን ከቆራሌው ገዛሁ። ነሐስ ዘይት ሳይቀባ ይቆረጣል። መቁረጫው ላዩ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፤ ለብረት እንደሚሳለው ወደ ኋላ ከተጋደለ ነሐሱን ስቦ ይነክሰዋል። ልክ ሲሆን ፍቅፋቂው እንደ ጤፍ ይበተናል። መነጽር ካላደረጋችሁ ዓይን ውስጥ ይገባል። የዘንጉ ቀዳዳ 16 ሚሊ ስለነበር ቡሹን 16.02 አድርጌ በሞርሳ ተጭኜ አስገባሁት። ውስጡን 10.05 አድርጌ ቦረቦርኩ፤ በውስጡ የሚዞረው ፒን 10 ነው፣ ለዘይት ትንሽ ቦታ ይፈልጋል። መኪናዋ ዝም አለች። ሰውዬው ሁለት ሦስቴ ረግጠው «እጅህ ይባረክ» አሉኝ።

ብሎን ጥርስ ማውጣትም ትችላለች፤ አሠራሩን ማወቅ ግን የግድ ነው። ካሬጁን (መቁረጫውን ተሸክሞ አልጋው ላይ የሚሄደውን ክፍል) የሚስበው ረጅም ዘንግ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1.5 ሚሊ ነው። ስለዚህ 1.5 ወይም 0.75 ጥርስ ስታወጡ ካሬጁን ከዘንጉ ፈትታችሁ መልሳችሁ የትም ብታስይዙት መቁረጫው በድሮው መስመር ይገባል። የ8 ቁጥር ብሎን ጥርስ ግን 1.25 ነው። እዚያ ላይ ከፈታችሁት መስመሩ ይጠፋል፤ ሞተሩን ወደ ኋላ እያዞራችሁ መመለስ አለባችሁ። ይህን ስለማመድ አንድ ቀን ሳላቆማት ቀርቼ ካሬጁ ብረቱን ከሚይዘው ቻክ ጋር ተላተመ። ከፕላስቲክ ማርሾቹ የአንዱ ጥርስ ረገፈ። ብዙ ሰው ማርሹ ፕላስቲክ ነው ብሎ ያማርራል። እኔ በዚያ ቀን አመሰገንኩት። እሱ ባይሰበር ኖሮ ወይ ዘንጉ ወይ ሞተሩ ይሄድ ነበር።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። ከሳጥኑ ሁለት ማርሾች ጎድለው ነበር። ሻጩ «ይመጣል» እንዳለ ቀረ። ሁለተኛው የፍጥነት መቆጣጠሪያው ቦርድ ነው። የካቲት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለ። ሌላ እስካገኝ አንድ ወር ሥራ ፈታሁ። አሁን ስታቢላይዘር አስገብቼላታለሁ፣ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ሶኬቱን እነቅላለሁ። ደግነቱ መብራት ሲመለስ በራሷ አትነሳም፤ አረንጓዴውን ቁልፍ እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ይሄ ቁልፍ የሌላትን በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ክረምቱ ሌላ ፈተና ነው። የእኛን ብርድና እርጥበት ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ በላስቲክ ሸፈንኳት፤ በሦስተኛው ቀን ላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይዞ አልጋዋ ላይ ዝገት ታየ። አሁን ማታ ማታ በሞተር ዘይት እቀባትና የጥጥ ጨርቅ አለብሳታለሁ። ብርዱን ሳነሳ አንድ ነገር ልበል። ጋቢ ወይም ነጠላ ደርባችሁ እንዳትቀርቧት። ጓንትም አታድርጉ። ትንሽ ብትሆንም የያዘችውን አትለቅም።

አሁንስ ትገዛታለህ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ። ፌሮ እየቆረጡ ገንዘብ ለማግኘት ከሆነ ግን አትሆንም፤ አቅም የላትም፣ ፌሮም ራሱ ለቶርኖ የሚመች ብረት አይደለም። ዋጋውን ያልጻፍኩት ከምንዛሪው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ልትገዙ ስትሄዱ ማርሾቹን ከወረቀቱ ጋር እያመሳከራችሁ ቁጠሩ። ቻኩን በእጃችሁ አዙሩት፤ የሚያንገራግር ድምፅ ካለው ኩሽኔታው ችግር አለበት። መብራት ላይ ሰክታችሁ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ፍጥነት አስነሱት። ይሄን አላሳይም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ።