ራስፕቤሪ ፓይ 4 በጅማ የቡና መጋዘን፦ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል ወይ?

በአንድ ቦርድ ላይ ስለተሠራችው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ስለ ራስፕቤሪ ፓይ 4፣ የተጻፉ ግምገማዎች አብዛኛዎቹ ስለ ፕሮሰሰሩ ፍጥነትና ስለ ቪዲዮ ጥራቱ ነው የሚያወሩት። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት መብራት ከመጣበት ቅጽበት አንስቶ ሊኑክስ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ስላሉት ጥቂት ሰከንዶች ነው። ቦርዴ ካለፈው ክረምት መግቢያ ጀምሮ ከጅማ ወጣ ብሎ፣ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የቡና መጋዘን ውስጥ ሌት ተቀን እየሠራ ነው። ኪቦርድም ስክሪንም የለውም፤ አጠገቡ ያለው ሰው ዘበኛው ብቻ ነው። ሥራው የመጋዘኑን ሙቀትና የአየር እርጥበት በየጥቂት ደቂቃው እየመዘገበ ማታ ማታ በቴሌግራም መላክ ነው።

ነገሩ ለምን እንዳስፈለገ በአጭሩ ላስረዳ። ቡና ከ11 እስከ 12 በመቶ እርጥበት ላይ ደርሶ ጆንያ ውስጥ ቢገባም፣ የጅማ ክረምት ከገባ በኋላ ከአየሩ ላይ መልሶ ይጠጣል። የመጋዘኑ ባለቤት ሐጂ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ጀንፈሉን በእጃቸው ዘግነው ነቅነቅ አድርገው ድምፁን ሰምተው ነው የሚፈርዱት። ቦርዱን ሳሳያቸው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነበር።

«ልጄ፣ ቁጥሩን አንተ እወቀው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ይነሳል ወይስ አንተን ልጥራ?»

«ይነሳል ሐጂ፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ። አንተም ግን የድርሻህን ሥራ።»

የድርሻዬ አብዛኛው ቡትሎደሩ ላይ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ ቀድሞ ተነስቶ ሊኑክሱን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ፕሮግራም ማለት ነው። ፓይ 3ና ከዚያ በፊት የነበሩት ቦርዶች የመነሻ ፕሮግራማቸውን ኤስዲ ካርዱ ላይ ካለ ፋይል ነበር የሚያነቡት። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፓይ 4 ግን ቡትሎደሩ ቦርዱ ላይ በተበየደች 512 ኪሎባይት የምትይዝ ኢኢፕሮም (መብራት ቢጠፋም የያዘችውን የማትረሳ ቺፕ) ውስጥ ነው ያለው። አነሳሱን የሚወስኑት ሴቲንጎችም አብረው እዚያው ይቀመጣሉ። ካርዱን ብትቀይሩ፣ ሊኑክሱን እንደ አዲስ ብትጭኑ እንኳ አይጠፉም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ቦርዱን የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ይሄ ነው።

ቁልፉ ሴቲንግ ቡት ኦርደር ይባላል። አንድ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ አሃዝ አንድ የመነሻ መንገድ ይወክላል፣ የሚነበበውም ከቀኝ ወደ ግራ ነው። 1 ኤስዲ ካርድ ነው፣ 2 ኔትወርክ፣ 4 የዩኤስቢ ዲስክ፣ ኤፍ ደግሞ «ካልሆነ ከመጀመሪያው ጀምር» ማለት ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ኤፍ41 ነው፤ ማለትም መጀመሪያ ካርድ፣ ቀጥሎ ዩኤስቢ፣ ከዚያ እንደገና። ለቤት ጥሩ ነው። ለመጋዘን ግን እኔ ኤፍ14 አድርጌዋለሁ። ዋናው ሲስተም ያለው በዩኤስቢ በተሰካ ኤስኤስዲ ዲስክ ላይ ነው፤ ካርዱ ላይ ያስቀመጥኩት ትንሽ የመጠባበቂያ ሲስተም ሲሆን ሥራው ተነስቶ «ዲስኩ የለም» ብሎ በቴሌግራም መጮህ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ኤፍ41 ሆኖ ቢቀር ቦርዱ ሁልጊዜ መጠባበቂያው ላይ ይነሳ ነበር።

ኤፍ ባለችበት ቦታ ኢ የሚያስገቡ አሉ። ኢ ማለት «ካልተገኘ ቁም» ነው። ቦርዱ የስህተት ምልክት በመብራቱ እያብለጨለጨ ይቆማል፤ ከዚያ የሚያወጣው ሶኬቱን ነቅሎ መልሶ የሚሰካ ሰው ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ስትመራመሩ ይጠቅማል። ሰው በሌለበት ቦታ ግን በባጃጅ ከጅማ መርካቶ ድረስ ያስሮጣል።

አሁን ወደ ክረምቱ። ግልገል ጊቤ ጎረቤታችን ቢሆንም፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከነመብረቁ ሲወርድ መብራቱ ሄድ መጣ ማለቱ የተለመደ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ክፉው ለሰዓታት መጥፋቱ አይደለም፤ ሄዶ በሁለት በሦስት ሰከንድ ተመልሶ እንደገና መሄዱ ነው። አንድ ማታ በቴሌግራም የመጣልኝ መልእክት ከመጠባበቂያው ነበር፦ ዲስኩ የለም። በማግስቱ ስደርስ ኤስኤስዲው ጤነኛ ነው። የሚያስቸግረው ዲስኩ የተቀመጠበት የዩኤስቢ ሳጥን ነበር፤ ኤሌክትሪኩ በቅጡ ሳይወርድ ሲመለስ ውስጡ ያለው ቺፕ ደንዝዞ ይቀራል።

ይህን ያወቅኩት ቡት ዩአርት የሚባለውን ሴቲንግ 1 አድርጌ ነው። ያኔ ቡትሎደሩ የሚያደርገውን ሁሉ በጂፒአይኦ 14 (ቦርዱ ላይ ሽቦ ከሚሰካባቸው እግሮች አንዱ ነው) በኩል በ115200 ፍጥነት ይጽፋል። በ3.3 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሲሪያል ገመድ ላፕቶፔ ላይ ሰክቼ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። መጀመሪያ «ቡት ሞድ፦ ዩኤስቢ-ኤምኤስዲ 04፣ ኦርደር ኤፍ1» ይላል፤ አሁን 4ን እየሞከርኩ ነው፣ የቀረኝ ኤፍ1 ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ዝም። 20 ሰከንድ ጠብቆ ተስፋ ሲቆርጥ «ቡት ሞድ፦ ኤስዲ 01፣ ኦርደር ኤፍ» ብሎ ወደ ካርዱ ያልፋል። 20 ሰከንዱ ራሱ ሴቲንግ ነው፤ የዩኤስቢ ዲስክ የሚፈለግበት ጊዜ ሲሆን በሚሊሰከንድ 20000 ተብሎ ተቀምጧል።

መፍትሔው እዚያው ዝርዝር ውስጥ ነበር። ፓይ 4 ሲነሳ የዩኤስቢ ወደቦቹን ኤሌክትሪክ ለአፍታ ያጠፋል፤ የተሰካው ዕቃ ከባዶ እንዲጀምር። ይህ ጊዜ ከፋብሪካ ሲመጣ 1000 ሚሊሰከንድ ነው፤ እስከ 5000 መጨመር ይቻላል። 3000 አደረግኩት። ዲስኩ ራሱን እስኪያሳውቅ የሚጠበቅበትን ሌላውን ጊዜ ደግሞ ከ2000 ወደ 10000 ከፍ አደረግኩ። ከዚያ ወዲህ በሄድ መጣው ምክንያት ወደ መጠባበቂያው የወረደበት ጊዜ የለም። አነሳሱ በጥቂት ሰከንድ ዘገየ፤ ለማን? ቡናው አይቸኩልም።

ከዚህ በፊት ዩ-ቡት በሚባል ሌላ ቡትሎደር የሚነሳ ሌላ ቦርድ ለተመሳሳይ ሥራ ተጠቅሜ ስለነበር ማነጻጸሩ ይጠቅማል። ዩ-ቡት አቅሙ ሰፊ ነው። የራሱ ትእዛዝ መስመር አለው፣ ተለዋዋጮቹን እየቀየራችሁ ታስቀምጣላችሁ፣ ስንት ጊዜ ሞክሮ እንዳልተሳካለት ቆጥሮ ከገደቡ ሲያልፍ ሌላ የመነሻ ትእዛዝ እንዲሞክር ማድረግም ይቻላል። ችግሩ ቡት ዲሌይ፣ ማለትም ከመነሳቱ በፊት የሚጠብቀው ጊዜ፣ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሰከንድ ቆጥሮ በሲሪያል መስመሩ ቁልፍ የነካ ሰው ካለ ይቆማል። መስመሩ ላይ ሌላኛው ጫፉ ባዶ የሆነ ገመድ ተንጠልጥሎ ከቀረ ደግሞ ገመዱ እንደ አንቴና ጫጫታ ይሰበስባል፤ ዩ-ቡት ያንን እንደ ቁልፍ ይቆጥረውና የእናንተን ትእዛዝ እየጠበቀ እዚያው ያድራል። መድኃኒቱ ቡት ዲሌይን ነጋቲቭ 2 ማድረግ ነው፤ ያኔ አይቆጥርም፣ ቁልፍም አይጠይቅም። ነጋቲቭ 1 ካላችሁት ግን ተቃራኒው ነው፦ ጭራሽ ራሱ አይነሳም። በአንድ አሃዝ ልዩነት! የፓይ 4 ቡትሎደር በሲሪያል መስመሩ ላይ ተናጋሪ ብቻ ስለሆነ ይህ ጣጣ የለበትም። አቅሙ ጠባብ መሆኑ እዚህ ላይ ጠቀመው።

ማጥፊያና ማስነሻ ቁልፍ። ፓይ 4 ላይ አብሮ የሚመጣ ቁልፍ የለም፤ ዘበኛው ግን መጋዘኑ ሲታጠብ ወይም ሽቦ ሲነካካ ሳይነቅሉ በሥርዓት ማጥፋት ይፈልጋሉ። ጂፒአይኦ 3ን ከግራውንድ ጋር የምታገናኝ ተራ የደወል ቁልፍ ገጠምኩላቸው። ሊኑክሱ ላይ የማጥፊያውን ኦቨርሌይ (ለእግሮቹ ሥራ የሚመድብ ሴቲንግ) ስትከፍቱ አንድ ጊዜ መጫን ያጠፋል፤ ጠፍቶ ሳለ መጫን ደግሞ ያስነሳል። ማስነሳቱን የሚሠራው ቡትሎደሩ ነው፤ ዌክ ኦን ጂፒአይኦ የሚለው ሴቲንግ 1 ሆኖ ነው የሚመጣው። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብለው ይህን 0፣ ሲጠፋ ኤሌክትሪኩን ጭራሽ የሚዘጋውን ፓወር ኦፍ ኦን ሃልትን 1 የሚያደርጉ ሰዎች ቁልፋቸው ማጥፋት ብቻ ችሎ ማስነሳት እንደሚያቅተው ይወቁ። ሌላው ጉዳይ ጂፒአይኦ 3 ሴንሰሮች ከቦርዱ ጋር የሚነጋገሩበት የአይ-ስኩዌር-ሲ መስመርም መሆኑ ነው። የእርጥበት መለኪያዬ በዚያው መስመር ነበር የሚነጋገረው። ደግነቱ ፓይ 4 ተጨማሪ እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉት፤ ሴንሰሩን በ3ኛው መስመር ወደ ጂፒአይኦ 4ና 5 አዛወርኩትና ሁለቱም ተስማሙ።

ሰዓት የለውም። ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ የራሱ ሰዓት ስለሌለው ተነስቶ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ የሚያውቀው ከመጥፋቱ በፊት ያስቀመጠውን ሰዓት ነው። መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ መዝገቡ ይዛባል። ትንሽ የሰዓት ሞጁል ጨምሬ ተገላገልኩ። በነገራችን ላይ ሐጂ ግራፉን በፈረንጅ ሰዓት ማንበብ አይወዱም። የሰዓት ክልሉን ቦነስ አይረስ አድርጌ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ሲያሳይ ልክ የእኛው ሰዓት ሆኖ ይመጣል፤ ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆኑ። አርጀንቲና ለጅማ ቡና የዋለችው ውለታ ነው።

ቻርጀሩን በተመለከተ ብዙ አልልም፦ 5.1 ቮልት 3 አምፒር፣ ወፍራምና አጭር ገመድ። ቀጭን የስልክ ገመድ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል። ሲስተሙን ስለ ኤሌክትሪኩ ስትጠይቁት 50000 የሚል ቁጥር ከመለሰ፣ ከተነሳ ወዲህ ቮልቴጅ ወርዶበት ፍጥነቱን ቀንሶ ነበር ማለት ነው። ያኔ ቡትሎደሩን አትውቀሱ።

አፕዴት ላይ ያለኝ አቋም ቁርጥ ያለ ነው። የራስፕቤሪ ሊኑክስ አዲስ የቡትሎደር ስሪት ሲገኝ ራሱ ሊጭነው ይሞክራል። አፕዴት መጥፎ አይደለም፤ ፓይ 4 ከዩኤስቢ ዲስክ መነሳት የቻለው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 በመጣ አፕዴት ነው። ሆኖም መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ቦታ ኢኢፕሮም እየተጻፈ እንዲቋረጥ አልፈልግም። የሚሠራ ስሪት ካገኛችሁ አውቶማቲኩን ዝጉት፣ ስታድሱ ራሳችሁ በቦታው ሆናችሁ አድሱ። ቢበላሽ እንኳ ቦርዱ አይሞትም፤ በዋናው ቺፕ ውስጥ ያለው የማይለወጥ ፕሮግራም ካርድ ላይ የማዳኛ ፋይል ካገኘ ኢኢፕሮሙን መልሶ ይጽፈዋል። ካርዱን በራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር ማዘጋጀት ይቻላል፤ ሲሳካ አረንጓዴዋ መብራት ቶሎ ቶሎ ትብለጨለጫለች።

ያላማረኝስ? ሴቲንጎቹ የተደበቁ ናቸው። በሜኑ የሚገኘው የመነሻ ቅደም ተከተሉ ነው፤ እኔን ያዳኑኝ የዩኤስቢ ጊዜዎች ግን በተርሚናል ከፍታችሁ በእጅ ካልጻፋችኋቸው አይገኙም። ደግሞም ከፋብሪካ የሚመጡት ቁጥሮች መብራት የማይቋረጥበት ቤት ታስቦ የተቀመጡ ይመስላሉ።

ሐጂ አሁን ለሁለተኛው መጋዘናቸው ሌላ ፈልግልኝ ብለውኛል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ፓይ 5 የማስነሻ ቁልፍም የሰዓት ባትሪ መሰኪያም ስላለው መጀመሪያ እሱን ነበር ያሰብኩት። ነገር ግን የሚፈልገው ቻርጀር 5 ቮልት 5 አምፒር ነው። ባለ 3 አምፒር ከሰካችሁበት ለዩኤስቢ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ወደ 600 ሚሊአምፒር ይቀንሳል፣ ሴቲንግ ካልቀየራችሁለትም ከዩኤስቢ ዲስክ አልነሳም ይላል። አንድ ቀን ቻርጀሩ ቢቃጠል ዘበኛው ከቅርብ ሱቅ ገዝተው የሚሰኩት የስልክ ቻርጀር ነው። ስለዚህ ለአጋሮ መንገዱ ሁለተኛ መጋዘንም ሁለት ጊጋ ራም ያለው ፓይ 4 ከውጭ ለሚመጣ ሰው አዝዣለሁ፤ ከዩኤስቢ ሳጥኑ ግን ሌላ ዓይነት።