ሞላሌ ቁጭ ብሎ ደብረ ብርሃን መማር

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የግል ኮሌጅ የሂሳብ አያያዝ ትምህርት በኦንላይን ይሰጣል። እኔ ሞላሌ ሱቅ እሠራለሁ፣ ማታ ማታ እማራለሁ።

የሂሳብ መምህራችን እጁ ይባረክ። ቪዲዮውን አሳጥሮ፣ ድምፁን ደግሞ ለብቻው አድርጎ ቴሌግራም ላይ ይጭነዋል። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ድምፁን ብቻ አወርዳለሁ። የቤት ሥራችንንም መስመር በመስመር ያየዋል። «ዕቃው በዱቤ ነው የተገዛው፤ ታዲያ ተከፋይ ሂሳቡ የታለ? ክሬዲት አድርጊው» ብሎ እዚያው ጎኑ ላይ ይጽፍልኛል። ማስተማር ማለት እንዲህ ነው!

የኮምፒውተሩ ኮርስ ግን ጉድ ነው። ፒዲኤፍ ጣል አድርገው ጠፉ። ጥያቄ ብትልክ መልስ የለም። ፈተናው ላይ ማን እንደተቀመጠ እንኳ አይጣራም፤ ወንድሜ ቢፈተንልኝ ማን ያውቃል? ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘናው) ላይ ደግሞ በጽሑፍም በተግባርም ነው የምንመዘነው። ያኔ ፒዲኤፍ አያድንም። ክፍያው ግን ለሁሉም ኮርስ እኩል ነው፣ ይገርማል።

መመዝገብ የምታስቡ ካላችሁ ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። መምህሩ በስንት ቀን ይመልሳል? ፈተና ላይ መብራት ቢጠፋስ? እኔ ይህን ስጠይቅ ሬጅስትራር «ማመልከቻ ይዘሽ በአካል ነይ» ነው ያለኝ። ለኦንላይን ተማሪ!