ከእስር የተፈታው ሰው፦ የሚሌይ ወይስ የሬፒን?

ሁለቱም ሥዕሎች ከእስር ስለተፈታ ሰውና ስለ ቤተሰቡ ናቸው። ግን አንዱ ሆድ ያባባል፣ ሌላው ያስጨንቃል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የእንግሊዛዊው ጆን ኤቨረት ሚሌይ «የመፈቻ ትዕዛዝ፣ 1746» በ1853 ለንደን ለእይታ ሲቀርብ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ፖሊስ ማቆም አስፈልጎ ነበር። ባልየው ስኮትላንዳዊ አማፂ ነው፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ፣ ራሱን ሚስቱ ትከሻ ላይ ጥሏል። እሷ ግን በባዶ እግሯ ቀጥ ብላ ቆማ፣ እንቅልፍ የወሰደው ልጇን አቅፋ ወረቀቱን ለጠባቂው ትሰጣለች። እንባ የለም። ውሻው እንኳ ከእሷ በላይ ፈንጥዟል። ለሚስቲቱ ሞዴል የሆነችው ኤፊ ግሬይ ያኔ የሃያሲው የጆን ረስኪን ሚስት ነበረች፣ በኋላ ግን ሚሌይን አገባች፤ ይሄ ራሱን የቻለ ድራማ ነው!

የሩሲያዊው ኢሊያ ሬፒን «አልጠበቁትም» (1884–1888) ላይ ደግሞ ገና ማንም ማንንም አላቀፈም። ከግዞት የመጣው ሰውዬ ካፖርቱን ሳያወልቅ ሳሎኑ መሃል ቆሟል። እናትየው ከወንበሯ ብድግ ብላለች፣ ጀርባዋን ስለሰጠችን ፊቷን በደንብ አናይም። ወንዱ ልጅ ፊቱ በርቷል፤ ትንሿ ልጅ ግን «ይሄ ደግሞ ማነው?» በሚል ዓይን ታየዋለች። ሬፒን የሰውዬውን ፊት ደጋግሞ ቀይሮታል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሬፒን ይበልጥብኛል። ሚሌይ ጋ ወረቀቱ ተሰጠ፣ አለቀ። እዚህ ግን በር የከፈተችው ሠራተኛ እንኳ እጇን ከእጀታው ገና አላነሳችም።